ጥላና መልክ፤ በመዳብ ሰሌዳ ስለ ታተሙ የሰው ሥዕሎች

ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ በፊት ስለ ነበሩት ሕዝቦች መልክ፥ አለባበስና አኗኗር የሚመረምር ሊቅ ከጽሑፍ ቀጥሎ የሚተማመንበት ምስክር በወረቀት ላይ የታተመው ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል በብዛት ታትሞ ከአገር ወደ አገር ስለሚዞር፥ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ በአንድ ስፍራ ከሚቀመጠው የግድግዳ ወይም የሸራ ሥዕል ይልቅ የብዙ ሰው ዐይን አርፎበታል፤ የሩቅ አገር ሰዎችም ስለ ሌሎች ሕዝቦች የነበራቸው አሳብ በአብዛኛው በእርሱ የተቀረጸ ነው። ነገር ግን ምስክር ቃሉን የሚሰጠው በራሱ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ቋንቋውን ሳያውቁ ምስክርነቱን መቀበል ወደ ስሕተት ይመራል። የዚህ ሥዕል ቋንቋ ደግሞ ጥቁር መሥመርና ነጭ ወረቀት ብቻ ነው።

ስሕተቱ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለመረዳት፥ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት (1606–1669) የሠራቸውን ሁለት ትንንሽ የኅትመት ሥዕሎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው በ1630 ገደማ የተሠራ ሲሆን የአንዲት አፍሪቃዊት ሴት ከደረት በላይ ያለ መልክ ነው። ሁለተኛው በ1658 የተሠራ ሲሆን ጀርባዋን ለተመልካች ሰጥታ በአልጋ ላይ የተጋደመች ዕራቁቷን የሆነች ሴት ያሳያል። በቪየና በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መጻሕፍት የኅትመት ሥዕሎች ኀላፊ የነበረው አዳም ባርች በ1797 ባሳተመው የሬምብራንት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያዪቱ «ነጭዋ ሞር»፥ ሁለተኛዪቱ «የተጋደመችው ጥቁር ሴት» ተብለው ተመዝግበዋል። ሞር ማለት በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ለጥቁር ሰው ይሰጡት ከነበሩት ስሞች አንዱ ነው። ዛሬ የሬምብራንትን ሥራ የሚያጠኑ ሊቃውንት የደረሱበት ግን ተቃራኒውን ያህል ነው። የ1630ዋ ሴት ፊት ነጭ ሆኖ የቀረው ሠዓሊው በብርሃን ውስጥ አኑሮት ወረቀቱን እምብዛም ሳይነካው ስለ ተወ ነው፤ የ1658ቷ ሴት ጥቁር የተባለችውም በጥላ ውስጥ ስለ ተጋደመች ነው እንጂ የአፍሪቃ ሰው መሆኗን የሚያሳይ ምልክት በሥዕሉ ላይ የለም።

ይህን የአንድ ዝርዝር አዘጋጅ ግድፈት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ባርች ግን እንዲህ ቢሉት የሚታለፍ ሰው አልነበረም፤ ራሱም በመዳብ ላይ የሚቀርጽ ባለ ሙያ ነበረ፥ ለሬምብራንት ሥራዎች የሰጣቸው ቁጥሮችም እስከ ዛሬ በየሙዚየሙ ይሠራባቸዋል። እንዲህ ያለ ዐዋቂ ሲሳሳት የስሕተቱን ምንጭ በሰውዬው ሳይሆን በሙያው ጠባይ ውስጥ መፈለግ ይገባል። ምንጩም ይህ ነው፤ በመዳብ ሰሌዳ ኅትመት ላይ አንድ ጥቁር መሥመር ሁለት ጌቶች አሉት። አንደኛው ጌታ ጥላ ነው፤ ጥላም የአካልን ክብነትና የስፍራን ጥልቀት ይሰጣል። ሁለተኛው ጌታ የነገሩ የራሱ ቀለም ነው፤ ጥቁር ካባ፥ ጥቁር ጠጕር፥ ጥቁር ቆዳ ሁሉ የሚገለጡት በዚያው መሥመር ነው። መሥመሩ ለየትኛው ጌታ እንደሚያገለግል በራሱ አይናገርም፤ አጠገቡ ያሉትን መሥመሮች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሙያው እንግሊዞች ኤቺንግ፥ ፈረንሳዮች ኦ ፎርት የሚሉት ነው። የፈረንሳዩ ቃል ትርጓሜ «ብርቱ ውሃ» ሲሆን፥ ብርቱ ውሃ የተባለውም አሲድ ነው። ሠዓሊው የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ያሞቅና ከሰም፥ ከሙጫና ከሬንጅ የተዘጋጀ ስስ ልባስ ይቀባዋል፤ ከዚያም ልባሱን በጧፍ ጢስ ያጠቁረዋል። በዚህ ጥቁር ልባስ ላይ በመርፌ ሲሥል ልባሱ እየተነሣ የመዳቡ ቅላት ይታያል፤ መርፌው መዳቡን ራሱን አይቈፍርም፥ ስለዚህም እጅ በወረቀት ላይ እንደሚሄድ ያህል በነጻነት ይሄዳል። መዳቡን የሚቈፍረው አሲዱ ነው፤ ሰሌዳው በአሲድ ሲነከር በመርፌ የተገለጠው ስፍራ ብቻ እየተበላ ቦይ ይሆናል። በመጨረሻ ልባሱ ይጠረጋል፥ ሰሌዳው በሙሉ ቀለም ይቀባል፥ ገጹ ይወለወላል፥ በቦዮቹ ውስጥ የገባው ቀለም ብቻ ይቀራል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በሁለት ሲሊንደሮች መካከል በኀይል ሲያልፍም ወረቀቱ ከየቦዩ ቀለሙን ይስባል።

የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊ በመቃ ብዕሩ ቀለሙን በብራናው ላይ ያሳርፋል። በዚህ ሙያ ግን ቀለሙ ከጥልቅ ተስቦ ይወጣል፥ በወረቀቱም ላይ ከፍ ብሎ ይደርቃል፤ በደኅና በታተመ ሥዕል ላይ ጣቱን ቀስ አድርጎ ያሳለፈ ሰው የጥቁሩን ስፍራ ከፍታ ሊያውቀው ይችላል። ከዚህ አሠራር ለጉዳያችን የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። መሥመሩ የሚጠቁረው እጅ ስለ ተጫነው ሳይሆን በአሲድ ውስጥ ብዙ ስለ ቆየ ነው። ደግሞም ሁሉም መሥመር ጥቁር ነው፤ አመድማ ቀለም የሚባል ነገር በሰሌዳው ላይ የለም። አመድማ ሆኖ የሚታየው ጥቁሩ መሥመርና በመካከሉ የቀረው ነጭ ወረቀት በተመልካች ዐይን ውስጥ ሲደባለቁ ነው። መሥመሮቹ ቢራራቁ ብርሃን፥ ቢቀራረቡ ደብዛዛ፥ ሌሎች መሥመሮች በአግድም አልፈው መረብ ቢሠሩባቸው ጨለማ ይሆናል።

ሠዓሊው በዚህ ድኻ በሆነ ቋንቋ ጠፍጣፋውን ወረቀት ወደ አካል የሚለውጠው በአብዛኛው በመሥመር አቅጣጫ ነው። በክንድ ላይ የሚሰመሩ መሥመሮች እንደ አንባር የክንዱን ዙሪያ ተከትለው ቢጎብጡ ዐይን ክንዱ ድቡልቡል እንደ ሆነ ይረዳል፤ ያው ጥላ ያን ያህል ጥቁር ሆኖ በቀጥታ መሥመሮች ቢሠራ ግን ክንዱ እንደ ጣውላ ይዘረጋል። በብርሃን ወገን ያለው የአካል ጠርዝ ቀጥኖ ወይም ከነጭራሹ ተቋርጦ ሲተው ብርሃኑ ጠርዙን የበላው ይመስላል፤ በጥላ ወገን ያለው ጠርዝ ደግሞ ወፍሮ ሲሰመር አካሉ ከበስተኋላው ካለው ነገር ይላቀቃል። ከሁሉ የረቀቀው በጥላው ወገን ውስጥ ከጠርዙ አጠገብ የምትተው ቀጭን የብርሃን ሽራፊ ናት፤ ይህች ከግድግዳ ወይም ከመሬት ተመልሳ የምትመጣ ብርሃን ስትሆን፥ ያለ እርስዋ የሰው ጉንጭ ከዳርቻው ላይ የተቈረጠ ይመስላል። የተሰማራ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳትም እርስዋን ነው።

ሙያው ከሥዕል ቤት አልተወለደም። በደቡብ ጀርመን የጦር ዕቃ ሠሪዎች በጥሩርና በሰይፍ ላይ ጌጥ ለማውጣት አሲድን ይጠቀሙበት ነበር፤ የአውግስቡርግ ሰው የሆነው ዳንኤል ሆፕፈር በ1500 ገደማ ይህንኑ የብረት ጌጥ ጥበብ ወደ ወረቀት ኅትመት አዛወረው። ታላቁ አልብሬኽት ዱረርም ከ1515 እስከ 1518 ባለው ጊዜ ስድስት ሥዕሎች በብረት ሰሌዳ ላይ በዚህ መንገድ ሠርቶ ተወው። የተወበትን ምክንያት ሥዕሎቹ ራሳቸው ያስረዳሉ ማለት ይቻላል፤ ሰሌዳው አንድ ጊዜ ብቻ በአሲድ ስለ ተበላ የቅርቡ ሰውና የሩቁ ተራራ በአንድ ዐይነት ውፍረት ተሰምረዋል። በመቅረጫ ብረት መዳብን እየፈለፈለ መሥመርን ከፀጉር ቅጥነት እስከ ገብስ ውፍረት ማሳበጥ ለለመደ እጅ ይህ ድህነት ነበር።

ድህነቱን ያስወገደው የሎሬን ሰው የነበረው ዣክ ካሎ (1592–1635) ነው። ካሎ የበገና መሰል ሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ጠንካራ ልባስ ወሰደ፤ በመርፌ ፈንታም ጫፉ አግድም የተቈረጠ ክብ ብረት ያዘ፤ ይህም ብረት በጣት መካከል ሲዞር መሥመሩን ቀጭን ጀምሮ ያሳብጠውና መልሶ ያቀጥነዋል። ከዚህም በላይ ሰሌዳውን ደጋግሞ ወደ አሲድ መመለስን በሚገባ ሠራበት። አሲዱ በመጀመሪያ በጥቂቱ ከበላ በኋላ የሩቁ ክፍል በልባስ ይሸፈናል፤ የመካከሉ ክፍል እንደ ገና ተበልቶ ይሸፈናል፤ በፊት የቆመው ሰው ብቻ እስከ መጨረሻው ይበላል። በ1633 በታተመው «የጦርነት መከራ» በተባለው የ18 ሥዕሎች ተከታታይ ሥራው ላይ፥ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ሰዎች በአንድ ሜዳ ላይ በመቶ ተሰልፈው ሳሉ ማን ከማን እንደሚቀርብ ተመልካች ሳይቸገር የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። የእያንዳንዱ ሰው ጥላ ግን ሁለት ሦስት ያበጡ መሥመሮች ብቻ ናቸው። ካሎ የርቀት ጌታ ነበረ፤ የቆዳና የፊት ጉዳይ አላስጨነቀውም። በ1645 ስለዚህ ሙያ መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው አብርሃም ቦስም የካሎን ንጽሕና አርአያ አድርጎ፥ የአሲድ መሥመር የመቅረጫ ብረትን መሥመር እንዲመስል አስተማረ። ትምህርቱ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በመላው አውሮፓ ተሰራጨ፤ የመንገደኞችን መጻሕፍት ያስጌጡ ቀራጮችም ያደጉበት ትምህርት ይኸው ነው።

ሬምብራንት ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሄደ። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሰሌዳዎችን ሲሠራ ልባሱ ለስላሳ፥ መርፌው ቀላል፥ መሥመሩም የተማሪ ጭረት የሚመስል ነበረ፤ ንጽሕናን ከሚያስተምሩት ሰዎች ዐይን ሲታይ የተዘበራረቀ ነው። ይሁን እንጂ የጥላን ነገር እንደ እርሱ ያወቀ አልተነሣም። በ1648 ገደማ የተፈጸመውና በመቶ ጊልደር ዋጋ ተሸጧል ስለ ተባለ «የመቶ ጊልደር ኅትመት» የሚል ስም የወጣለት ሥራው፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሕሙማንና በሚከራከሩት ሰዎች መካከል ቆሞ ያሳያል። በአንድ ወገን ያሉት ሰዎች በቀጭን መሥመር ዙሪያቸው ብቻ ተሥሎ፥ ውስጣቸው ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል፤ በሌላው ወገን ያሉት ሕሙማን ከድቅድቅ ጨለማ እየወጡ ይመጣሉ። በነጭ ወረቀት የቀሩት ሰዎች ገረጡ ወይም በጨለማ ያሉት ጠቈሩ የሚል ተመልካች የለም፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና በማን ላይ እንደሚወድቅ ሥዕሉ ራሱ ስለሚናገር ነው። ለልመና የተዘረጉት የአንዲት ሴት እጆች ጥላ በክርስቶስ ቀሚስ ላይ ወድቆ ይታያል። ይህች ትንሽ ጥላ በሴቲቱና በክርስቶስ መካከል ያለውን ርቀት ከማናቸውም የስፍራ ልኬት ይልቅ በትክክል ትነግራለች።

ጥላንና የነገርን ቀለም ለያይቶ ማሳየት የቻለበት ሥራ ደግሞ በ1647 የሠራው የወዳጁ የያን ሲክስ ምስል ነው። ወጣቱ በተከፈተ መስኮት ተደግፎ ያነባል፤ ልብሱ ጥቁር ነው፥ ክፍሉም ጨለማ ነው፤ ሆኖም ልብሱ ከክፍሉ ጋር አልተዋሐደም። ሬምብራንት ለዚህ ሥራ ከአሲዱ ሌላ ደረቅ መርፌ የሚባለውን መንገድ ጨመረበት። በደረቅ መርፌ ያለ አሲድ መዳቡ በቀጥታ ሲጫር በጭረቱ ጠርዝ ላይ የመዳብ ፍርፋሪ ይነሣል፤ ፍርፋሪው ቀለም ስለሚይዝ በወረቀቱ ላይ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ጥቁረት ይሰጣል፤ ጥቂት ቅጂዎች ከታተሙ በኋላ ግን በማተሚያው ግፊት ይደመሰሳል። ስለዚህ የአንድ ሰሌዳ የመጀመሪያ ቅጂና ሃምሳኛ ቅጂ አንድ ጥቁረት የላቸውም። የአንድን ሰው መልክ ጥቁረት ከኅትመት ሥዕል ላይ ለመመስከር የሚሻ ሰው ቅጂው ስንተኛ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ቢፈርድ ይሳሳታል።

እንግዲህ ወደ 1630ዋ ሴት ለመመለስ ጊዜው ደርሷል። ሬምብራንት በዚያን ጊዜ ገና በተወለደባት በላይደን ከተማ የሚኖር የሃያ አራት ዓመት ገደማ ወጣት ነበረ። መሥመሩን ለጥላ እንጂ ለቀለም ማገልገልን ገና አላስተማረውም፤ ስለዚህ በብርሃን ውስጥ ያለ ፊት ሁሉ፥ የማንም ይሁን የማን፥ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀርለታል። የሴቲቱ ማንነት በአፍንጫዋና በከንፈሯ ቅርጽ ላይ ተቀምጧል፤ በቆዳዋ ቀለም ላይ ግን አልተቀመጠም። ተመልካቹ ቅርጹን አይቶ ጥቁር ናት አለ፥ ወረቀቱን አይቶ ነጭ ናት አለ፤ ሁለቱን አስታርቆ «ነጭዋ ሞር» የሚል ስም አወጣ። ስሟ ቀልድ ይመስላል፥ ነገር ግን አንዲት በእውነት የነበረች የምትመስል ሴት ለብዙ ዘመን እንደ ሕልም ፍጡር ተቈጥራ የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው። በአምስተርዳም የሚገኘው የሬምብራንት ቤት ሙዚየም በ2020 በሬምብራንት ዘመን ስለ ነበሩ ጥቁር ሰዎች ባዘጋጀው ትርኢት ላይ ከታሪክ መዛግብት የተገኘው ማስረጃ ቀርቧል፤ ሠዓሊው በ1639 በገዛው ቤት ሰፈር በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነጻ የሆኑ የጥቁር ሰዎች ትንሽ ማኅበር ይኖር ነበር። ስለዚህ በሥራዎቹ ላይ የሚታዩት አፍሪቃውያን ሁሉ ከመጽሐፍ የተቀዱ ናቸው የሚለው አስተያየት ዛሬ አይጸናም።

ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ የፈታው የፕራግ ተወላጅ የሆነው ዌንሴስላስ ሆላር (1607–1677) ነው። ሆላር በአንትወርፕ ሲኖር በ1645 የአፍሪቃውያን ሴቶችንና ወንዶችን ፊት በትንንሽ ሰሌዳዎች ሠርቷል። እርሱ የዕቃን ገጽታ በመለየት የታወቀ ነው፤ የሴቶች የእጅ ማሞቂያ ጠጕርን ሲሥል ተመልካች እጁን ሊዘረጋ ይቃጣዋል። በእነዚህ ፊቶች ላይ በመጀመሪያ ቀጫጭን መሥመሮች እንደ ስስ ነጠላ በብርሃኑም በጥላውም ወገን ፊቱን ሁሉ ያለብሱታል፤ ይህ የቆዳው ቀለም ነው። ከዚያ በላይ በጥላው ወገን ሌላ መረብ ይታከላል፤ ይህ ጥላ ነው። በግንባር፥ በአፍንጫ ጫፍና በታችኛው ከንፈር ላይ ደግሞ ወረቀቱ ተገልጦ ይቀራል፤ ይህ በቆዳ ላይ የሚያብረቀርቀው ብርሃን ነው። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን ከነጭ ቆዳ ይልቅ አጥርቶ እንደሚመልስ ሆላር ያስተዋለ ይመስላል፤ ብዙዎቹ የዘመኑ ቀራጮች ግን አላስተዋሉትም፥ ጥቁርን ሰው ሲሠሩ ፊቱን እንደ ከሰል ሞልተው ክብነቱን ያጠፉታል። እንደ ሆላር ባለ እጅ የጠቈረው ፊት ከነጣው ያላነሰ ጥልቀት አለው።

ሬምብራንትም ጉዳዩን የሚፈትን ርእስ ነበረው፤ ይኸውም በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈው፥ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ በፊልጶስ እጅ የተጠመቀበት ታሪክ ነው። በ1626 ገና ወጣት ሳለ ይህንኑ በጣውላ ላይ በዘይት ቀለም ሠርቶታል፤ ሥዕሉ ዛሬ በዩትሬኽት ከተማ በሚገኘው በካተሪነኮንቬንት ሙዚየም ይገኛል። ቀለም ባለበት ዘንድ ችግር የለም፤ የኢትዮጵያዊው መልክ ቡናማ ነው፥ ጥላው ከዚያ የባሰ ቡናማ ነው፥ ሁለቱ አይጋጩም። በ1641 ግን ታሪኩን በመዳብ ላይ ሲመልሰው ቀለም አልነበረውም። ጃንደረባው ተንበርክኮ፥ ፊልጶስ በላዩ ሆኖ፥ በፈረስ የተቀመጠ አጃቢም አጠገባቸው ቆሞ ይታያል፤ አካሄዱ ቀላልና ክፍት በሆነ መሥመር ነው። ሠዓሊው ጥቁረትን አብዝቶ የሰዎቹን አገር ሊያስታውቅ አልሞከረም፤ በጥምጥማቸው፥ በጦር ዕቃቸውና በአጃቢያቸው አስታወቀ። ለአለባበስ ጥናት ይህ ሥዕል ምስክር ሊሆን አይችልም፥ ምክንያቱም ልብሱ ኢትዮጵያዊ ሳይሆን ሠዓሊው «የምሥራቅ» ብሎ ያሰበው ነው፤ ስለ ሙያው ግን ብዙ ይመሰክራል።

አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ የተሠራችው የ1658ቷ ሥዕል ቁመቷ ስምንት፥ ስፋቷ አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። አሲድ፥ ደረቅ መርፌና መቅረጫ ብረት ሦስቱም ሠርተውባታል። የሴቲቱ ጀርባ በጣም በተቀራረቡ መሥመሮች ስለ ተሸፈነ መሥመሩ በዐይን ተለይቶ አይታይም፤ የሚታየው ጭጋግ የመሰለ ለስላሳ ጥቁረት ነው። ከበታቿ ያለው አንሶላ ግን በብርሃን ቀርቷል። ባርችን ያሳሳተው ይህ ንጽጽር ሳይሆን አይቀርም፤ አንሶላው ብሩህ ሲሆን ገላው ከጠቈረ፥ ገላው የራሱ ጥቁረት አለው ብሎ አሰበ። ሆኖም የገላው ጥቁረት ከበስተኋላው ካለው የክፍሉ ጥቁረት ጋር ተያይዞ ይሄዳል፤ አንድ ጨለማ ሁለቱን ያለብሳል። የሆላርን ሴት አስታውሶ የተመለከተ ሰው ልዩነቱን ያገኘዋል፤ በዚያች ፊት ላይ ወረቀቱ ተገልጦ የሚያብረቀርቅበት ስፍራ አለ፥ በዚህች ጀርባ ላይ ግን ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ ይደበዝዛል እንጂ አይፈነጥቅም። ለሁኔታው ሌላም ነገር አግዞበታል። ሬምብራንት የዚህችን ሥዕል ብዙ ቅጂዎች ከጃፓን በመጣ ወረቀት ላይ አተመ፤ ያ ወረቀት ወደ ቢጫነት የሚያደላና ቀለም አጥብቆ የሚስብ ስለ ሆነ፥ መሥመሮቹን እርስ በርሳቸው ያቀላቅላል፥ ሰውነቷንም ሞቅ ያለ ቡናማ ያስመስለዋል። እንግዲህ «የተጋደመችው ጥቁር ሴት» የሚለው ስም በከፊል የወረቀት ስም ነው።

ከዚህ የተገኘው ማስተዋል ስለ ኢትዮጵያ ለተጻፉት የጥንት መጻሕፍትም ይጠቅማል። የጄምስ ብሩስ መጽሐፍ በ1790፥ የሄንሪ ሶልት በ1814 ሲታተሙ ሥዕሎቻቸው በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው ነው። መንገደኛው በእርሳስ ወይም በውሃ ቀለም የነደፈውን ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቅ ቀራጭ ተቀብሎ ወደ መሥመር ይተረጉመዋል፤ የሚተረጉመውም ከቦስ ዘመን ጀምሮ በወረሰው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ፊት ሁሉ በአንድ ወገን ብርሃን፥ በሌላው ጥላ እንዲኖረው ያዝዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለተኛውን ስስ የቀለም መረብ አያውቅም። በእነዚህ መጻሕፍት ያሉ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን የግሪክ ሐውልት መስለው መታየታቸውን አንዳንድ ጸሐፊዎች እንደ ፈጠራ ወይም እንደ ሽንገላ ቈጥረውታል። ምናልባት አንዳንዱ እንዲያ ይሆናል፤ ከመፍረድ በፊት ግን ነጭ ሆኖ የቀረው ወረቀት የቆዳ ቀለም ነው ወይስ ብርሃን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሬምብራንት የ1630 ሥዕል የደረሰባት ነገር በእነርሱም ላይ ሊደርስ ይችላልና።

የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች በበኩላቸው የአውሮፓን ጥላ በወረቀት ተቀብለው ነበር። በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በ1590 እና በ1591 ያወጣው የዐረብኛ ወንጌል በአንቶንዮ ቴምፔስታ ንድፍ በተሠሩ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ያጌጠ ነበረ፤ እነዚህ የመዳብ ሥራ ባይሆኑም ጥላቸው በዚያው ጎን ለጎን በተሰመረ መሥመር የተሠራ ነው። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ በጎንደር ዘመን ለተሣሉ የወንጌል መጻሕፍት አርአያ ሆነ። የጎንደር ሠዓሊ የሰዎቹን አቋምና የታሪኩን አሰላለፍ ወሰደ፤ የጥላውን መሥመር ግን እንዳለ አልወሰደም። ፊቱን በአንድ ጥሩ ቀለም ሞላው፥ ቀሚሱንም እንዲሁ፤ ጎን ለጎን የተሰመሩትን መሥመሮች ግን ከጥላነት አውጥቶ የልብስ እጥፋት አደረጋቸው። ሠዓሊው ጥላን መሥራት አቃተው የሚለው ፍርድ የችኮላ ነው። በብራና ላይ ቀለም ላለው ሰው አንድ መሥመር ለሁለት ጌቶች ማገልገል የለበትም፤ መልክ በቀለም ይነገራል፥ መሥመሩ ነጻ ሆኖ ለሌላ ሥራ ይተርፋል።

ከዚያ በኋላ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፥ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴ እንደሚታየው፥ የፊትና የአንገት ክብነት ወደ ኢትዮጵያ ሥዕል ገባ። ነገር ግን በመረብ አልገባም። ሠዓሊው ጉንጩንና አንገቱን በለሰለሰ ቀለም እያደበዘዘ ድቡልቡል ያደርገዋል፤ ብርሃኑም ከአንድ መስኮት የሚመጣ አይደለምና አንዱን ቅዱስ በብርሃን፥ ሌላውን በጨለማ አያስቀምጥም።